ሪቻርድ ባክማን የተባለው ደራሲ፦ የስቲቨን ኪንግ የብዕር ስም እንዴት ተሠራ፣ እንዴትስ ፈረሰ

ሪቻርድ ባክማን ከ1977 እስከ 1984 ድረስ አምስት ልብወለዶች አሳተመ። ቃለ መጠይቅ አልሰጠም፣ መጽሐፍ ሲፈርምም ያየው የለም። በ1985 መጀመሪያ ላይ «የብዕር ስም ካንሰር» ገደለው ተባለ። ቀልዱ የአሜሪካዊው የአስፈሪ ልብወለድ ደራሲ የስቲቨን ኪንግ ነው፤ ባክማንም ራሱ ኪንግ ነበር። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ጉዳይ ሲነሣ ሁለት ቁጥሮች አብረው ይነሣሉ። «ቲነር» የተባለው አምስተኛው መጽሐፍ ባክማን በሚለው ስም 28,000 ቅጂ ሲሸጥ፣ የኪንግ መሆኑ ከታወቀ በኋላ 280,000 ደረሰ። ቁጥሮቹን የሰጠው ኪንግ ራሱ ነው። ከዚያ ተነሥቶ «አንባቢ የሚገዛው ስም እንጂ ሥራ አይደለም» ማለት ቀላል ነው፤ ብዙ ሰውም ይላል። ነገሩን ከውሉና ከኅትመቱ አሠራር ጋር አያይዞ ለሚያየው ግን መደምደሚያው ችኩል ነው። ምሥጢሩ ሊጠበቅ የሚችለው ማንም በባክማን ላይ ገንዘብ እስካላወጣ ድረስ ብቻ ነበር፤ ገንዘብ ያልወጣበት መጽሐፍ ደግሞ ስለ ችሎታም ስለ ዕድልም የሚመሰክረው ነገር ትንሽ ነው።

ከባክማን በፊት

ኪንግ የተወለደው ሴፕቴምበር 21 ቀን 1947 በሜይን ግዛት፣ ፖርትላንድ ከተማ ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላው አባቱ ከቤት ወጥቶ በዚያው ቀረ። እሱንና ወንድሙን እናታቸው ሩት ያገኘችውን ሥራ ሁሉ እየሠራች አሳደገቻቸው። በጽሑፍ የመጀመሪያውን ደህና ገንዘብ ያገኘው በ1967 አንድ አጭር ልብወለድ ለመጽሔት በ35 ዶላር ሲሸጥ ነው። በ1970 ከሜይን ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ፤ የመምህርነት ሥራ ስላጣ ልብስ ማጠቢያ ድርጅት ውስጥ በሰዓት 1 ዶላር ከ60 ሳንቲም ተቀጠረ። በ1971 ሃምፕደን አካዳሚ የሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በዓመት 6,400 ዶላር ደመወዝ ወሰደው። ትዳር ይዟል፣ ልጆች ወልዷል፣ የሚኖረው ተጎታች ቤት ውስጥ ነው። የሚጽፈው ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ በተቀመጠበት ጠባብ ክፍል፣ በባለቤቱ በታቢታ ኦሊቬቲ ታይፕራይተር ነበር።

መጀመሪያ የታተመለትን ልብወለድ፣ የ«ካሪ»ን የመጀመሪያ ገጾች ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ እንደጣላቸውና ታቢታ አንሥታ «ቀጥለው» እንዳለችው ያልሰማ የለም። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ሒሳቡ ነው። ደብልዴይ የተባለው አሳታሚ ለካሪ 2,500 ዶላር ቅድመ ክፍያ ሰጠ። በ1973 የለስላሳ ሽፋን መብቱ ኒው አሜሪካን ላይብረሪ ለተባለ አሳታሚ በ400,000 ዶላር ተሸጠ፤ በውሉ መሠረት ግማሹ የደብልዴይ፣ ግማሹ የኪንግ ሆነ። ኪንግ 200,000 ዶላር ሲያገኝ ማስተማሩን ተወ። ይሁንና ያው እኩል ክፍፍል በሚቀጥሉት መጻሕፍትም አልተነሣም። መጽሐፉ ሲከስር የሚሸከመው ደብልዴይ ስለሆነ በመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ክፍፍሉ ምክንያት አለው፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ላይ ግን ደራሲው የራሱን ግማሽ እያስረከበ ነበር። አሳታሚው ክፍፍሉን አላሻሽልም ስላለ ኪንግ በ1977 ገደማ በወኪሉ በከርቢ ማኮሊ በኩል ዋና ውሉን ወደ ኒው አሜሪካን ላይብረሪ አዞረ፤ ደረቅ ሽፋኑንም ቫይኪንግ የተባለ አሳታሚ ያወጣ ጀመር። ባክማንን ያስጠለለውም ይኸው ሲግኔት በሚል መለያ ርካሽ የኪስ መጻሕፍት የሚያትም ድርጅት ነው።

ካሪ ከመሳቢያው የወጣች የመጀመሪያዋ ረቂቅ አልነበረችም። ኪንግ «ሬጅ»ን በ1966 ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ጀምሮ በ1971 ጨርሶታል፤ ደብልዴይ አይቶት መልሶታል። «ዘ ሎንግ ዎክ»ን የጻፈው በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቱ ነው፤ ለመጀመሪያ ልብወለድ ውድድር ልኮት የታተመ የእምቢታ ወረቀት ብቻ ደረሰው። «ዘ ረኒንግ ማን»ን መምህር ሳለ አንድ ሳምንት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ጻፈው፤ እሱንም ገዢ አላገኘም። «ሮድወርክ» ትንሽ ዘግይቶ፣ እናቱ በካንሰር ከሞተች በኋላ የተጻፈ ነው። እንግዲህ ባክማን ማለት በአብዛኛው ያልታወቀው ወጣት ኪንግ ነው፤ ታዋቂው ኪንግ ስሙን ደብቆ አዲስ ያመረተው ሥራ አይደለም። ሙከራውን ሲመዝኑ ይህን የሚረሱት ብዙ ናቸው።

ሁለተኛ ስም ለምን አስፈለገ

በዚያን ዘመን የአሜሪካ አሳታሚዎች ለአንድ ደራሲ በዓመት ከአንድ መጽሐፍ በላይ አያወጡም ነበር። ደረቅ ሽፋኑ መጀመሪያ ይወጣል፤ ከዓመት ገደማ በኋላ ለስላሳው ይከተላል። በመካከል ሌላ መጽሐፍ ከገባ ሁለቱ በአንድ መደርደሪያና በአንድ የማስታወቂያ በጀት ይሻማሉ የሚል ሥጋት ነው ያለው። ኪንግ ደግሞ ከዚያ በላይ ይጽፋል፣ መሳቢያውም ሙሉ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የግል ጥያቄ ነበር፦ የካሪ ስኬት ከችሎታ መጣ ወይስ ከዕድል? ስሙ ከሽፋኑ ቢወገድ ሥራው ብቻውን ይቆማል ወይ?

መጀመሪያ የመረጠው የብዕር ስም የእናቱን አባት ስም፣ ጋይ ፒልስበሪን ነበር። ረቂቁ በአሳታሚው ቢሮ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የማን እንደሆነ ወሬ አፈተለከ፤ ኪንግ መልሶ ወሰደው፣ ርዕሱንም ለወጠው። ከዚያ አሳታሚው ደውሎ ለሽፋኑ አዲስ ስም አሁኑኑ ስጠን አለው። ጠረጴዛው ላይ የሪቻርድ ስታርክ ልብወለድ ነበር፤ ስታርክ ራሱ የዶናልድ ዌስትሌክ የብዕር ስም ነው። ማጫወቻው ላይ የሚሽከረከረው ሸክላ የሮክ ቡድኑ የባክማን ተርነር ኦቨርድራይቭ ነበር። ከአንዱ ሪቻርድን፣ ከሌላው ባክማንን ወሰደ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን የመጀመሪያው ስም የተቃጠለው ገና መጽሐፉ ሳይታተም፣ አሳታሚው ቤት ውስጥ መሆኑ ነው።

አራቱ የኪስ መጻሕፍት

ሬጅ በ1977፣ ዘ ሎንግ ዎክ በ1979፣ ሮድወርክ በ1981፣ ዘ ረኒንግ ማን በ1982 ወጡ። አራቱም ደረቅ ሽፋን ሳይኖራቸው በቀጥታ በኪስ መጽሐፍ መልክ የታተሙ ናቸው፤ ያለ ማስታወቂያ፣ ያለ ዘመቻ።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። የኪስ መጽሐፍ እንደ መጽሔት ነው የሚሸጠው። በመድኃኒት መደብር፣ በሱፐርማርኬት፣ በአውሮፕላን ማረፊያ በሽቦ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ካልተነሣ ቦታውን ለሚቀጥለው ወር ምርት ይለቃል። ቸርቻሪው ያልተሸጠውን መጽሐፍ ሙሉውን አይመልስም፤ የፊት ሽፋኑን ገንጥሎ ይልክና ሒሳቡ ይቀነስለታል፣ የቀረው አካል ወደ ወረቀት መፍጫ ይሄዳል። ጋዜጦችም እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ከቁም ነገር ቆጥረው አይገመግሙትም ነበር። ደራሲው የማይታወቅ፣ ሥራውን የሚያስተዋውቅ ሰው የሌለው መጽሐፍ በዚህ መንገድ ገብቶ በዚሁ መንገድ ይጠፋል፤ መጥፎ መሆን አይጠበቅበትም።

ዘ ሎንግ ዎክ ጥሩ ማሳያ ነው። መቶ ወጣቶች ከሜይን ጠረፍ ተነሥተው ሳያቋርጡ ይጓዛሉ፤ ፍጥነቱ በሰዓት ከ4 ማይል በታች የወረደ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፣ ሦስት ማስጠንቀቂያ የጨረሰ ይረሸናል፤ የሚተርፈው አንድ ብቻ ነው። ጭራቅ የለም፣ መንፈስ የለም። አስፈሪነቱ አንባቢው ከገጽ ወደ ገጽ የእግር ሕመም እስኪሰማው ድረስ በዝግታ እየጠበበ ከሚሄደው ሒሳብ ይመጣል፤ በእኛ ግምት በ1970ዎቹ ኪንግ ካወጣቸው ሥራዎች ጋር እኩል የሚቆም ነው። በ1979 ክረምት ያለ ድምፅ አለፈ። በዚያው ሰሞን በኪንግ ስም የወጣው «ዘ ዴድ ዞን» የኒው ዮርክ ታይምስ የሽያጭ ዝርዝር አናት ላይ ተቀመጠ።

ስሙን የያዙት ሰነዶች

ባክማን ሰው እንዲመስል የሕይወት ታሪክ ተበጀለት። ኒው ዮርክ ተወለደ፤ አራት ዓመት በባሕር ጠረፍ ጥበቃ፣ አሥር ዓመት በንግድ መርከብ አገለገለ፤ ከዚያ በኒው ሃምፕሸር የከብት እርባታ ከፈተና እንቅልፍ ስለሚያጣ ሌሊት ይጽፋል። ክላውዲያ ኢኔዝ የምትባል ሚስት አለችው፤ አንድ ልጃቸው ጉድጓድ ገብቶ ሞቷል። በ1982 ከአንጎሉ ዕጢ ወጥቶለታል። ገበሬና ሕመምተኛ መሆኑ የተመረጠው ሳይታሰብ አይደለም፤ ለፊርማ ዝግጅትም ለቴሌቪዥንም የማይመች ሰው ነው።

ታሪኩ ቢያምርም ወረቀቱ የተዝረከረከ ነበር። የቅጂ መብት ሲመዘገብ የባለመብት ስም ይጠየቃል፤ መዝገቡም ለማንም ክፍት ነው። ከአምስቱ መጻሕፍት አራቱ በወኪሉ በከርቢ ማኮሊ ስም ተመዘገቡ፤ ሬጅ ግን በስቲቨን ኪንግ ስም ገብቶ ኖሯል። የማኮሊም ስም ቢሆን ጥሩ መሸፈኛ አልነበረም፤ በአስፈሪ ልብወለድ ገበያ ውስጥ ላለ ሰው ማኮሊ ማለት የኪንግ ወኪል ነው። የዘ ሎንግ ዎክ መታሰቢያነት ኪንግ በተማረበት ዩኒቨርሲቲ ላስተማሩት ሦስት ሰዎች ነው። የኒው ሃምፕሸር ገበሬ ነው የተባለው ሰው ስለ ሜይን መንገዶች ከልክ በላይ ያውቃል፤ ዘ ረኒንግ ማን ውስጥ ደግሞ ኪንግ በኋላ ትልቁን መጽሐፉን የሚያቆምባት ዴሪ የተባለችው ምናባዊ ከተማ አለች። ጥርጣሬ የጻፉ አንባቢዎች ነበሩ፤ ኪንግ ሲጠየቅ ይክድ ነበር። እንግዲህ ፍንጮቹ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ እዚያው ነበሩ። የጠፋው ሊፈልጋቸው የሚደክም ሰው ነው፤ ላልታወቀ የኪስ መጽሐፍ ማን ይደክማል?

ቲነር ምን ለወጠ

በ1984 መጨረሻ የወጣው ቲነር ሦስት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ቀየረ። ደረቅ ሽፋን ሆነ፣ ማስታወቂያ ተሠራለት፣ የጀርባ ሽፋኑ ላይም የ«ባክማን» ፎቶግራፍ ወጣ። ሰውየው የወኪሉ ወዳጅ ነው፤ ፎቶውን አነሣች የተባለችው ደግሞ የሌለችው ሚስት ክላውዲያ። ለመጻሕፍት መደብሮች አስቀድሞ የሚነበብ ቅጂም ተላከ። ከሁሉም በላይ ይዘቱ ተለወጠ። አራቱ የቀደሙት መጻሕፍት ውስጥ ከተፈጥሮ ሕግ የወጣ ነገር የለም፤ ቲነር ግን ስለ እርግማን ነው። አንድ ወፍራም የሕግ ጠበቃ አሮጊት ገጭቶ ይገድላል፣ ከቅጣት ያመልጣል፣ የሟች ቤተሰብ የሆነ ሽማግሌ ጉንጩን ዳብሶ አንድ ቃል ይለዋል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም ቢበላ ይከሳል። ይህ በቀጥታ የኪንግ ግዛት ነው። መጽሐፉ ውስጥ አንዱ ገጸ ባሕርይ ነገሩ የስቲቨን ኪንግ ልብወለድ መሰለ ብሎ ይናገራል፤ ጥርጣሬን ለማባረር የገባ ይሁን ለቀልድ፣ ውጤቱ እሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው።

በዋሽንግተን ዲሲ የመጻሕፍት መደብር ሠራተኛ የነበረው ስቲቭ ብራውን የቲነርን ቅድመ ቅጂ አነበበና ጸሐፊው ማን እንደሆነ አልተጠራጠረም። እርግጠኛ ለመሆን ያደረገው ቀላል ነገር ነው፤ እዚያው ከተማው ውስጥ ወዳለው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ የባክማንን የቅጂ መብት መዝገቦች አንድ በአንድ አየ። ማኮሊ፣ ማኮሊ፣ ማኮሊ፤ የቀደመው ሬጅ ላይ ሲደርስ የኪንግ ስም። የሰነዱን ቅጂ አንሥቶ ምን ላድርግ የሚል ደብዳቤ ጨምሮ ለኪንግ ወገን ላከ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መደብሩ ውስጥ ስልክ ትፈለጋለህ ተባለ፤ ደዋዩ ኪንግ ነበር፣ እንነጋገር አለው። ብራውን ወደ ጋዜጣ ሮጦ አልሸጠውም፤ ኪንግም በምላሹ ረጅም ቃለ መጠይቅ ሰጠው። ወሬው ግን መታፈን አልቻለም፤ በፌብሩዋሪ 1985 ኪንግ የሚኖርበት የባንጎር ከተማ ጋዜጣ አወጣው።

ኪንግ «ሚዘሪ»ን በባክማን ስም ሊያወጣው አስቦ ነበር፤ ባክማን ስለሞተ በራሱ ስም በ1987 ታተመ። በ1989 የወጣው «ዘ ዳርክ ሃፍ» ደግሞ አልቀበርም ስላለ የብዕር ስም ነው።

ሁለቱ ቁጥሮች እንደገና

28,000 ላልታወቀ ደራሲ ደረቅ ሽፋን ውድቀት አይደለም፤ ብዙ ጀማሪ የሚመኘው ነው። ነገር ግን ያ ቁጥር የተገኘው ባክማን ማስታወቂያ ባገኘበት የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። 280,000 ደግሞ የኪንግ ስም ብቻ ያመጣው አይደለም፤ አገር ሙሉ የተነጋገረበት ዜናም አለበት። ሁለቱን ቁጥሮች አካፍሎ «ስም አሥር እጥፍ ያዋጣል» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነው። ኪንግ ራሱ በ1985 አራቱ ቀደምት ሥራዎች በአንድ ጥራዝ ሲታተሙ በጻፈው መቅድም፣ ባክማን የሞተው ጥያቄው ሳይመለስ እንደሆነ ተናግሯል።

ተገቢ ሙከራ ምን ያስፈልገው ነበር? ቢያንስ አንድ ዓይነት በጀት፣ አንድ ዓይነት የኅትመት ቅርጽ፣ በአንድ ዘመን የተጻፉ ሥራዎች። እነዚህ ከተሟሉ ግን ፎቶ ይጠየቃል፣ ጋዜጠኛ ይመጣል፣ ተጠራጣሪው ይበዛል፤ ስሙ የሚቆየው ለወራት ብቻ ይሆናል። ቲነር ላይ የሆነው ይኸው ነው። በ2013 የሃሪ ፖተር ደራሲ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ ሮበርት ጋልብሬዝ በሚል ስም ያወጣችው የወንጀል ልብወለድም ከኤፕሪል እስከ ጁላይ ብቻ ነው የቆየው። የቋንቋ አጠቃቀምን በኮምፒውተር የሚለኩ ሊቃውንት ጽሑፉን የመረመሩት ጥቆማው ከደረሰ በኋላ ነበር፤ ወሬው የወጣው ግን ከሕግ ቢሮዋ አንዱ ጠበቃ ለሚስቱ ጓደኛ ስለተናገረ ነው።

በብዕር ስም ሊያሳትም የሚያስብ ሰው ከባክማን የሚወስደው ተግባራዊ ነገር ከዚህ ይጀምራል። የአጻጻፍ ስልትን መለወጥ አድካሚ ነው፤ ያም ሆኖ ብቻውን አያጋልጥም፣ ጥርጣሬ ብቻ ይፈጥራል። ጥርጣሬውን ማስረጃ የሚያደርገው ውል፣ የባንክ ሒሳብ፣ የምዝገባ ቅጽና የመታሰቢያ ገጽ ነው። ለስሙ የተለየ ወኪል ወይም ከደራሲው ጋር ተያይዞ የማይታወቅ ድርጅት ካልተቋቋመ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። በአሜሪካ ሕግ ሌላም የሚታሰብበት ነገር አለ። ከ1978 ወዲህ በብዕር ስም የወጣ ሥራ የቅጂ መብቱ ከታተመ 95 ዓመት ወይም ከተፈጠረ 120 ዓመት ይቆያል፣ ቀድሞ የሚያልቀው ተቆጥሮ፤ እውነተኛው ስም ከተመዘገበ ግን የደራሲው ዕድሜ ሲደመር 70 ዓመት ይሆናል። ስለዚህ ወራሽ የሚያስብ ደራሲ አንድ ቀን እውነተኛ ስሙን በመዝገቡ ላይ የማስፈር ምክንያት ይኖረዋል፤ መዝገቡ ደግሞ ያው ብራውን የገለጠው ዓይነት ነው።

ከሞት በኋላ

ከአምስቱ መጻሕፍት አንዱ ዛሬ አይታተምም። ሬጅ መሣሪያ ይዞ ክፍል ውስጥ ተማሪዎችን ስላገተ ልጅ የሚተርክ ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በካሊፎርኒያና በኬንታኪ ትምህርት ቤቶች ተመሳሳይ ድርጊት የፈጸሙ ተማሪዎች መጽሐፉን እንዳነበቡት ታወቀ። በዲሴምበር 1997 በኬንታኪ ፓዱካ አቅራቢያ ሦስት ተማሪዎችን የገደለው ልጅ ሎከር ውስጥ አንድ ቅጂ ሲገኝ፣ ኪንግ አሳታሚው ከገበያ እንዲያነሣው ጠየቀ። መጽሐፉ ልጆቹን ገዳይ እንዳላደረጋቸው፣ ሆኖም ለተጎዳ አእምሮ ማቀጣጠያ ሊሆን እንደሚችል በ2013 ስለ ጦር መሣሪያ ባሳተመው ጽሑፍ አብራርቷል። ያስገደደው ሕግም ፍርድ ቤትም አልነበረም። አሁን የሚገኙት ያገለገሉ ቅጂዎች ብቻ ናቸው፤ ሰብሳቢዎችም በውድ ይሻሟቸዋል።

የተቀረው ባክማን ግን ከሞተ በኋላ የተሻለ ኑሮ ይዟል። ዘ ረኒንግ ማን በ1987 አርኖልድ ሽዋርዘኔገር የተወነበት ፊልም ሲሆን የመነሻ ልብወለዱ ደራሲ ሆኖ የሠፈረው ባክማን ነው። በ1996 «ዘ ሬጉሌተርስ» የባክማን መበለት አገኘችው በተባለ ረቂቅ ስም፣ በኪንግ ስም ከወጣው «ዴስፐሬሽን» ጋር በአንድ ቀን ታተመ፤ የሁለቱ ሽፋኖች ሲገጠሙ አንድ ሥዕል ይሠራሉ። በዓመት ከአንድ በላይ አይታተምም የሚለው ደንብ ሁለተኛ ስም ያስፈጠረው ሰው፣ በአንድ ቀን ሁለት አወጣ። በ2007 ደግሞ ካሪ ከመታተሟ በፊት የተጻፈው «ብሌዝ» ተከተለ። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የባክማን ነው፣ መቅድሙን የጻፈው ኪንግ፤ የደራሲው ገቢ ደግሞ በአደጋ ወይም በሕመም መሥራት ያቃታቸውን ቋሚ ደመወዝ የሌላቸው ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች ለሚረዳው ለሄቨን ፋውንዴሽን ተመደበ።